ለጅማው ሰዓት ሠሪ ምስጋና፤ ለጠላቂዎችም ጥቆማ

በጅማ ሂርማታ ገበያ አቅራቢያ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰዓት ለሚጠግኑ አባት ይህን ምስጋና በአደባባይ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ «ባለሙያው» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። የማመሰግናቸው ባትሪ ስለቀየሩልኝ ብቻ ሳይሆን፣ ባሕር ውስጥ ስጠልቅ ዋናው መሣሪያዬ ቢበላሽ መጠባበቂያ የሚሆነኝን የጥልቀትና የጊዜ መለኪያ እንድመርጥ ስለረዱኝ፣ ማረጋገጥ የማይችሉትንም ነገር «ይህን አላረጋግጥልህም» ብለው በግልጽ ስለነገሩኝ ነው።

ከጅማ ተነስተን ወደ ጅቡቲ እየወረድን በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የምንጠልቅ ሰዎች ጥቂቶች ብንሆንም አለን። አብዛኞቻችን በክንዳችን የምናስረው ዳይቭ ኮምፒውተር ጥልቀቱንና ጊዜውን እየተከታተለ፣ በሰውነታችን የሚጠራቀመውንና ቶሎ ወደ ላይ ስንወጣ አረፋ ሆኖ የሚጎዳንን ናይትሮጅን እያሰላ፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረን ይነግረናል። መሣሪያው በ18 ሜትር ጥልቀት ላይ ድንገት ቢጠፋ ጠላቂው በሰላም ለመውጣት የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ አሁን ያለበትን ጥልቀትና ያለፈውን ጊዜ ማወቅ። እነዚህን ካወቀ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳይበልጥ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያም ከውኃው ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ጥልቀትና ጊዜ ብቻ የሚያሳይ መለኪያ ናይትሮጅኑን ስለማያሰላ የጀመሩትን መጥለቅ በደህና ለመጨረስ ያገለግላል እንጂ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለመጥለቅ ፈቃድ አይሰጥም፤ የተለመደው ምክርም 24 ሰዓት ከውኃ ርቆ መቆየት ነው። ጉዞውን ሳያቋርጥ መቀጠል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከጠለቀበት ጊዜ ጀምሮ አብሮት የወረደ ሁለተኛ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። የጓደኛን ኮምፒውተር ተውሶ መቀጠልማ የሌላ ሰው የደም ምርመራ ውጤት ይዞ ሐኪም ዘንድ እንደ መቅረብ ነው። እንደ እኔ አልፎ አልፎ ለሚጠልቅ ሰው ግን ሁለተኛ ኮምፒውተር መግዛት የግድ ነው ብዬ አላምንም፤ ቀለል ያለ መለኪያ ይበቃዋል።

ወደ ባለሙያው የሄድኩት ከሦስት ዕቃዎች መካከል ለመምረጥ ነበር። አንደኛው በዘይት የተሞላ፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ በጠቋሚ የሚያነብ አሮጌ የጥልቀት መለኪያ ነው። ባለሙያው ጠቋሚው ከዜሮ በታች ወርዶ መከልከያው ላይ ማረፉን ገና ሲያነሱት አዩ። መለኪያው የዜሮ ማስተካከያ ብሎን ስላለው የቸኮለ ሰው ብሎኑን አዙሮ «ተሠራ» ሊል ይችል ነበር። እሳቸው ግን ቀደም ሲል ከፍታ የሚለኩ ሰዓቶችን ጠግነው ስለሚያውቁ ብሎኑን ሳይነኩ «ይህ ዕቃ ዜሮ እንዲያሳይ የተሠራው የት ሲሆን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነበር። እንዲህ ያለው መለኪያ የተሠራው በባሕር ጠለል ላይ ዜሮ እንዲያሳይ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ልዩነቱም ወደ ሁለት ሜትር ከሚጠጋ የባሕር ውኃ ግፊት ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ጠቋሚው ከዜሮ በታች መውረዱ የጤንነቱ ምልክት እንጂ ብልሽት አልነበረም። ብሎኑ ጅማ ላይ ቢዞር ኖሮ መለኪያው ጅቡቲ ሲደርስ ገና ውኃ ሳይነካ ሁለት ሜትር ያህል ያሳይ ነበር፤ ጠላቂው 5 ሜትር ላይ ቆምኩ ሲል በእውነቱ የሚገኘው 3 ሜትር ላይ ይሆናል ማለት ነው። ዕቃውን ሳይነኩ መለሱልኝ፤ የምርመራ ዋጋ እንኳ አልተቀበሉም።

ሁለተኛው የእጅ ሰዓት ነበር፤ ጀርባው ላይ «50 ሜትር» የሚል ተጽፎበታል። ይህ ጽሑፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁጥሩ በቤተ ሙከራ የተመዘገበ፣ በማይንቀሳቀስ ሁኔታ የሚለካ ግፊት እንጂ እዚያ ድረስ ይዞ መጥለቅ ይቻላል ማለት አይደለም። አይኤስኦ 6425 የተባለው የጠላቂ ሰዓት ደረጃ ቢያንስ 100 ሜትር ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ሰዓትም ከተጻፈበት ግፊት በ25 በመቶ ከፍ ባለ ግፊት እንዲፈተን ያዝዛል። ባለሙያው የግፊት መፈተኛ ማሽን እንደሌላቸው አልደበቁም። በምትኩ ያለ ማሽን የሚሠራ፣ በዚያው ደረጃ ውስጥም የሚገኝ ዘዴ ተጠቀሙ፤ ሰዓቱን ለእጅ ሞቅ እስኪል ድረስ ካሞቁት በኋላ በመስታወቱ ላይ ቀዝቀዝ ያለ የውኃ ጠብታ አኖሩ፣ ጥቂት ጠብቀው ጠረጉት። ከመስታወቱ በውስጥ በኩል ጭጋግ ታየ። እርጥበት ቀድሞውኑ ገብቷል ማለት ነው። ከፍተው ሲያዩት የጀርባው የጎማ ቀለበት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ መሙያውም የሚጠብቅ ጥርስ አልነበረውም። «ለዝናብ ይሆንሃል፤ ለባሕር ግን እኔን አትጥቀስ» አሉኝ። ይህን በማለታቸው የጥገናውን ገንዘብ እንዳጡ ልብ ይሏል።

የጠላቂ ሰዓት መግዛት የሚፈልግ ሰው ያለፈውን ደቂቃ ለመቁጠር በዙሪያው የተደረገው ቀለበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር መሆኑን ቢያይ መልካም ነው። ቀለበቱ ከድንጋይ ወይም ከአየር ሲሊንደር ጋር ተጋጭቶ ቢንቀሳቀስ ያለፈውን ጊዜ አብዝቶ ያሳያል እንጂ አያሳንስም፤ ስለዚህ ስሕተቱ ጠላቂውን ቶሎ ያስወጣዋል እንጂ አያዘገየውም።

ሦስተኛው፣ በመጨረሻም የመረጥኩት፣ አሃዛዊው የጥልቀትና የጊዜ መለኪያ ነው። አንድ ሜትር ገደማ ሲጠልቅ በራሱ መቁጠር ይጀምራል፤ ያለበትን ጥልቀት፣ የደረሰበትን ከፍተኛ ጥልቀትና ያለፈውን ደቂቃ ያሳያል። የባለሙያው እጅ የታየው እዚህ ላይ ነበር። አዳዲስ ባትሪዎችን ሳይቀር አንድ በአንድ በቴስተር ለክተው ደከም ያለችውን ለዩ። አሮጌውን የጎማ ቀለበት በብረት መቆስቆሻ ሳይሆን በቀጭን እንጨት አወጡት፤ ብረት ቀለበቱ የሚቀመጥበትን መስመር ስለሚጭር በዚያች ጭረት ውኃ ይገባል። ፀጉርና አቧራ እንዳይቀር በማጉያ መነጽር ፈትሸው፣ አዲሱን ቀለበት በስሱ የሲሊኮን ቅባት ቀቡት። ቅባት ማብዛት ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ እኔ ያየሁት ግን የበዛ ቅባት አሸዋ ከመሰብሰብ ሌላ ጥቅም እንደሌለው ነው። አንድ ምክርም ጨመሩልኝ፤ የዋናውን ኮምፒውተርና የመጠባበቂያውን ባትሪ ከአንድ ማሸጊያ አውጥቼ በአንድ ቀን እንዳልቀይር። ባትሪዎቹ የተበላሹ ቢሆኑ ሁለቱም መሣሪያዎች አብረው ይጠፋሉና። በዚሁ ምክንያት ዘይት የተሞላውን አሮጌ መለኪያ አልጣልኩትም፤ የሲሊንደሩን አየር ከሚለካው መለኪያ አጠገብ በቱቦው ላይ ታስሮ አብሮኝ ይወርዳል።

ከጥገናው በኋላ ጅቡቲ ላይ መሣሪያዎቹን ሁሉ በሜትር ምልክት የተደረገበት ገመድ ይዤ በመውረድ 5 ሜትር ላይ አስተያየኋቸው። በመካከላቸው መጠነኛ ልዩነት ቢታይ አያስደነግጥም፤ አንዳንዱ መለኪያ ለጨው ውኃ፣ አንዳንዱ ጨው ለሌለው ውኃ የተስተካከለ ስለሆነ በዚህ ብቻ የሦስት በመቶ ያህል ልዩነት ሊመጣ ይችላል። የሚያሳስበው ልዩነቱ ከጉዞ ወደ ጉዞ ሲለዋወጥ ነው።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች የጊዜ መለኪያው ከውኃ ከወጣን በኋላም ሥራ አለው። የተጠራቀመው ናይትሮጅን ከፍታ ላይም ስለሚያሰጋ፣ አንድ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ለመብረር ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተከታታይ ቀናት ወይም ደጋግሞ ለጠለቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ በባቡርም ሆነ በመኪና የሚወጣ ሰው «አልበረርኩም» ብሎ ሊዘናጋ አይገባውም። ከውኃ የወጣበትን ሰዓት መዝግቦ የሚያስቀምጥ መለኪያ ካለው ቆጠራው በግምት አይሆንም።

ወደ ባለሙያው መሄድ ለምትፈልጉ ሁሉ፣ የመለኪያችሁን መመሪያና ለሞዴሉ የተሠራውን የጎማ ቀለበት ይዛችሁ ሂዱ፤ እሳቸው የመጥለቂያ ዕቃ አይሸጡም፣ በልክ ያልሆነ ቀለበትም አይገጥሙም። በገበያ ቀን ሱቃቸው ስለሚጨናነቅ በሌላ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ዋጋቸው ከተራ የሰዓት ባትሪ ቅየራ ብዙም አይበልጥም። አባቴ፣ ስለ ሥራዎም ስለ ቃልዎም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እጅዎ ይባረክ።