ለፏፏቴ ስድስት ስቶፕ ይበቃኛል

መጀመሪያ የገዛሁት የሚሽከረከረውን ነበር። ቀለበቱን ስታዞሩት እየጠቆረ የሚሄደውን፣ ከሁለት እስከ ስምንት ስቶፕ የሚቀንሰውን ኤንዲ ፊልተር፣ ሌንስ ፊት የሚገጠመውን ብርሃን ቀናሽ ጥቁር መስታወት። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው፤ ብርሃኑ ሲቀንስ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ይቆያል፣ የሚወርደውም ውሃ ፎቶው ላይ ይለሰልሳል። በአንድ ዕቃ ሁሉን ልገላገል ብዬ ነው። የስስታም ሒሳብ!

ፏፏቴው ፊት ትራይፖዴን ተከልኩ፤ ሰፊውን፣ ብዙ ቦታ የሚያሳየውን ሌንስ ገጠምኩ፤ ቀለበቱን እስከ ጥግ አዞርኩት። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ጥሩ ይመስል ነበር። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ፎቶው ላይ ትልቅ የኤክስ ጥላ ተጋድሟል። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ስንት ቀን ተመላለስኩ። ለካ ከአሠራሩ ነው። ይህ ፊልተር ሁለት ፖላራይዘር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ መስታወቶች፣ ተደራርበው የሚሠራ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ሲዞር ብርሃኑ ይዘጋል። ጥግ ድረስ ሲዞር፣ በተለይ በሰፊ ሌንስ፣ ያ መስቀል ብቅ ይላል።

ከዚያ ነው ስድስት ስቶፕ ብቻ የሚቀንሰውን ቋሚ ፊልተር የገዛሁት። አንዱ አምራች ኤንዲ 64 ይለዋል፣ ሌላው 1.8 ብሎ ይጽፍበታል፤ ያው ናቸው። ያለ ፊልተር ካሜራዬ 1/60 ሰከንድ የምትለኝ ቦታ፣ እሱን ስገጥም አንድ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ለእኔ ዓይን ፏፏቴ የሚያምረው እዚያው አካባቢ ነው፤ ከግማሽ እስከ ሁለት ሰከንድ። ውሃው ይለሰልሳል፣ ክሩ ግን አይጠፋም። የቱ ድንጋይ እንደከፈለው፣ የት ላይ እንደተሰበረ ይታያል።

አሥር ስቶፑንም ከጓደኛዬ ተውሼ ሞክሬዋለሁ። ያው 1/60 ወደ 17 ሰከንድ ሄደ። ውሃው ነጭ ጭጋግ ሆነ፣ ዳር ያሉት ቅጠሎች በነፋስ ሲወዛወዙ ደበዘዙ። ለሐይቅ ወይም ለደመና ጥሩ ነው። ለሚወረወር ውሃ ግን በዛብኝ። ያለ ምንም ፊልተር አፐርቸሩን፣ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ በጣም ጠባብ እስከሆነው ኤፍ 22 ድረስ አጥብቤ ልወጣው ያልኩበት ጊዜም ነበር፤ ፎቶው ሁሉ ጥራቱን አጣ። አሁን ከኤፍ 11 ብዙም አላልፍም።

ስለ ስድስት ስቶፑ ዕቃ ላውራ። መስታወቱ ላይ የተቀባው ነገር ደስ ይላል፤ የፏፏቴው ፍንጣቂ ሲያርፍበት ተንከባሎ ይወርዳል፣ የቀረውን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ቀለም ላይ ግን ቅር ብሎኛል፤ ፎቶውን ትንሽ ወደ ቡናማ ይወስደዋል። በሮው፣ ካሜራው ባላዘጋጀው ጥሬ ፋይል ስለማነሳ በኋላ አስተካክለዋለሁ፤ ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶ በሚያወጣው ጄፔግ ለሚያነሳ ሰው ግን ያበሳጫል። ቀለበቱም አንድ ጠዋት ሌንሱ ላይ ተጣብቆ አልፈታ አለኝ። የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ዙሪያውን ጠምጥሜ ነው ያላቀቅኩት። ከዚያ ወዲህ ላስቲኳ ከቦርሳዬ አትወጣም።

መጠኑን ስመርጥ ግን ጎበዝ ነበርኩ። የሌንሶቼ የፊልተር መግጠሚያ አፍ የአንዱ 67፣ የሌላው 77 ሚሊሜትር ነው። ትልቁን ገዝቼ ለትንሹ ማስፊያ ቀለበት ጨመርኩ። ሁለት ፊልተር ከመግዛት ዳንኩ።

እርጥብ ድንጋይ ሲያብለጨልጭ ፖላራይዘር እደርብበታለሁ። ብልጭታው ይጠፋል፣ የቅጠሉም አረንጓዴ ይደምቃል። በሰፊው ሌንስ ላይ ግን የሁለቱ ቀለበት ተደራርቦ የፎቶውን ጥጎች ያጨልማል፤ ስለዚህ ሌንሱን ትንሽ ዙም አድርጌ ነው የማነሳው። ፎከሱንም ፊልተሩን ሳልገጥም በፊት እይዝና ወደ ማኑዋል እቀይረዋለሁ። ይህን ረስቼ ግማሽ ቀን የደበዘዘ ፎቶ ይዤ የተመለስኩበት ቀን አለ፤ እሱን ተዉት።

የሚሽከረከረውን ወንድሜ ለቪዲዮ ብሎ ወስዶታል። ብርሃን ቶሎ ቶሎ ሲቀያየር ለቪዲዮ እሱን የሚያህል የለም፣ እውነቱን ለመናገር። እስካሁን አልመለሰም። እኔም አልጠየቅኩትም።