ፔሊ ፓርክ፦ በአንድ ሕንፃ ቦታ ላይ የተሠራ መናፈሻ

በኒው ዮርክ ከተማ ማንሃተን፣ በ53ኛው ጎዳና፣ ከፊፍዝ አቬኑ ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ የሚገኘው ፔሊ ፓርክ ስፋቱ 390 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን በሦስት ጎኑ በረጃጅም ግድግዳዎች ተከቧል። ለተቀማጩ በሚሰጠው አገልግሎት ሲመዘን ግን እጅግ ሰፋፊ ከሆኑ ብዙ መናፈሻዎች አስበልጬ አየዋለሁ።

ቦታው ቀድሞ ታዋቂ ሰዎች ያዘወትሩት የነበረው ስቶርክ ክለብ የተባለ የምሽት ክበብ ነበር። ክበቡ እ.ኤ.አ. በ1965 ከተዘጋ በኋላ ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ሊቀመንበር የነበሩት ዊልያም ፔሊ ቦታውን ገዝተው ሕንፃውን በማፍረስ ለአባታቸው ለሳሙኤል ፔሊ መታሰቢያ የሚሆን መናፈሻ አሠሩበት፤ በግንቦት 1967ም ለሕዝብ ተከፈተ። በከተማዋ እጅግ ውድ ከሆኑት መሬቶች በአንዱ ላይ ቢሮ መገንባት ሲቻል ለአላፊ አግዳሚው ማረፊያ መሥራት ትልቅ ልግስና ነው። ንድፉን ያወጡት ሮበርት ዛየን ደግሞ በሕንፃዎች መካከል ያሉ ትንንሽ ቦታዎች መናፈሻ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከ1963 ጀምሮ ሲሞግቱ የቆዩ ባለሙያ ነበሩ።

የመናፈሻው ዋና ሀብት ከኋላ ያለው ግድግዳ ነው። 6 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከዚህ ግድግዳ ላይ በየደቂቃው 6,800 ሊትር ገደማ ውኃ ስለሚወርድ የመኪናው ጩኸት በፏፏቴው ድምፅ ይዋጣል። የጎን ግድግዳዎቹን ሐረግ ሸፍኗቸዋል፤ የዛፎቹም ቅጠል ስስ በመሆኑ ጥላው ብርሃን አይከለክልም። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ወንበሮቹ መሬት ላይ አለመታሰራቸውን ነው፤ ከሽቦ የተሠሩና ቀላል ስለሆኑ ማንም ሰው አንሥቶ ወደ ፀሐይ፣ ወደ ጥላ ወይም ወደ ወዳጁ ያስጠጋቸዋል። በብዙ ከተሞች ወንበር የሚታሰረው እንዳይሰረቅ ተብሎ ነው፤ እዚህ ግን ተጠቃሚው ታምኗል፣ እምነቱም ለዘመናት ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1999 መናፈሻው እንደገና ሲሠራም የመጀመሪያው ንድፍ ተጠብቋል።

ቅር የሚያሰኘኝ የሥራ ሰዓቱ ነው፤ የግል ይዞታ በመሆኑ ማታ በሩ ይዘጋል፣ በሞቃት ምሽት ማረፍ የሚፈልግ ሰውም ደጅ ይቀራል። በምሳ ሰዓት የአካባቢው ሠራተኞች ስለሚሞሉት ጠዋት መሄድ ይሻላል። ብቻውን መሆን የፈለገ ፏፏቴው ሥር፣ መጨዋወት የፈለገ ደግሞ ወደ መግቢያው ቀረብ ብሎ ይቀመጥ።