የወረዳው የምዘና ቅጽ ሠራተኛ ያተጋል ወይ?

በየስድስት ወሩ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ቅጽ፣ ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው ደህና መሣሪያ ነው። ተግባር፣ ክብደት፣ ዒላማ፣ ክንውን፤ የክብደቱ ድምር 100። ለቅጹ ከ5 ሦስት እንሰጠዋለን፤ ለአሞላሉ አንድም ይበዛበታል።

ነገሩ የሚበላሸው ዒላማው ላይ ነው። መስኮት ላይ ለተቀመጠ ባለሙያ «በስድስት ወር 600 መታወቂያ ማደስ» ተብሎ ቢጻፍለት፣ ባለጉዳይ ካልመጣ ከየት ያመጣል? ቁጥሩን ለመሙላት ሲል ቀላሉን ፋይል ያስቀድምና የልደት ቀኑ ከመዝገቡ ጋር ያልገጠመለትን «ነገ ይመለሱ» ይለዋል። ያ ጉዳይ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ቅጹ ላይ ግን እንደ ሌላው ሁሉ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሲስተም የቆመበትና መብራት የጠፋበት ሰዓትማ ጭራሽ ቦታ የለውም።

ሐምሌ ላይ የተፈረመው ዕቅድ መሳቢያ ውስጥ ይከርምና ጥር ላይ በጥድፊያ፣ ከትዝታ ይሞላል። ይሉኝታም አለ፤ ነገ አብሮት ቡና የሚጠጣውን ባልደረባ ዝቅ አድርጎ የሚሞላ ጥቂት ነው። እናም ትጉሁና ፈርሞ የሚጠፋው በጥቂት ነጥብ ይለያያሉ፤ የደመወዝ እርከን ጭማሪውም ለሁለቱም ይደርሳል።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ማደጉ የቤት ኪራይ ለሚያስጨንቀው እፎይታ ነው። ለሁሉም በየደረጃው የተሰጠ ስለሆነ ግን የሠራውን ከተኛው አይለይም።

ቅጹን ሳይቀይሩ ማስተካከል ይቻላል። ዒላማው ከብዛት ወደ ጊዜ ይዙር፦ ማስረጃው የተሟላለት ባለጉዳይ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ቻርተር (እያንዳንዱ አገልግሎት የሚወስደውን ጊዜ በሚገልጸው ሰነድ) በተቀመጠው ደቂቃ ውስጥ ተስተናግዷል? ለዚህ ባለ አራት ዓምድ ደብተር ይበቃል፤ የገባበት ሰዓት፣ ጉዳዩ፣ የወጣበት ሰዓት፣ ከዘገየ ምክንያቱ። ቡድን መሪው ዓርብ ከሰዓት በኋላ 15 ደቂቃ ከባለሙያው ጋር ይየው። ምክንያቱ «ቶነር አልቋል» ከሆነ ጥያቄው ወደ ግዥ ይሄዳል እንጂ ከባለሙያው ነጥብ አይቀነስም። ሥልጠናና የደረጃ ዕድገት ሲመጣም ይኸው ደብተር ይገለጥ፤ ሥልጠናው ለአለቃ ቅርብ ሰው ሲሰጥ ማየትን ያህል የሠራተኛን ሐሞት የሚያፈስ የለም። ደብተሩ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ አለቃው ቢሮ ከተቆለፈበት በወሩ ባዶ ገጽ ይሆናል።