ሌጎ በፓውንድ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ (178 ዶላር ከፍዬ የተማርኩት)

ሰላም ወገን። ይሄን የምጽፈው ትናንትም ማታ ሳሎን ወለል ላይ ተንበርክኬ ፕላስቲክ ስለቅም አምሽቼ ነው። ጉልበቴ አሁንም አልተመለሰም። ለልጆቻችሁ ወይም ለራሳችሁ (አትፈሩ፣ ማንም አይስቅባችሁም) የተበተነ ሌጎ (እርስ በርሱ የሚገጣጠመውን የፕላስቲክ መጫወቻ ጡብ) ኦንላይን በፓውንድ፣ በክብደት ማለቴ ነው፣ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ቆዩ።

ከልጄ ጋር ቤተ ጊዮርጊስን በሌጎ ልንሰራ ተነሳን። የላሊበላዋን። ለገና አድርሰን ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ልናሳይ። ንድፉ የራሳችን ስለሆነ በሳጥን የታሸገ ሌጎ አይጠቅመንም፣ የሚያስፈልገን ፍሬ ፍሬው ነው። ልጄ ልኬቱን አወጣ። ቤተክርስቲያኗ ቁመቷ ወደ 12 ሜትር ነው፤ 40 ጊዜ ስናሳንሳት 30 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። አንዱ የሌጎ ጡብ 9.6 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው፣ ስለዚህ 31 ረድፍ ገደማ መደርደር አለብን። (ላሊበላ ላይ ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለችው፣ እኛ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ነው የምንቆልለው። ልጄ ይሄን ሲሰማ «ታዲያ ገልብጠን እንስራት» አለኝ። ሞከርነው። አላዋጣም።)

ቀለሙ ነው ችግሩ። ድንጋዩ ቀላ ያለ ስለሆነ የምንፈልገው ቀይ ቡናማና ደብዘዝ ያለ አሸዋማ ቀለም ነው፣ እሱም በብዛት። አዲስ ልግዛ ብል ኪሴ አልቻለም። በዚህ መሀል ነው ማስታወቂያውን ያየሁት። «20 ፓውንድ ኦሪጅናል ሌጎ፣ 150 ዶላር።» ማጓጓዣ 28። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ሰንበር ያለው አንሶላ ላይ ቡናማና አሸዋማ ፍሬ ተቆልሏል። ልክ ለኔ ተብሎ የተዘረገፈ ነው የሚመስለው።

ሂሳብ ሰራሁ። 20 ፓውንድ 9 ኪሎ ነው። ስምንት ጉብታ (ከላዩ ላይ ያሉት ክብ ክብ እብጠቶች) ያለው የተለመደው ጡብ 2.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሁሉም እሱ ቢሆን እንኳ ከ3,900 ፍሬ በላይ ይወጣዋል፣ ለአንዱ አምስት ሳንቲም አይሞላም ማለት ነው። ወዲያው ከፈልኩ። ባለቤቴ ስልኬን አይታ «ቦንዳ ነው የገዛኸው?» አለችኝ። ሳቅኩባት። አሁን ሳስበው ከሷ የተሻለ የገለጸው ሰው የለም። ቦንዳ ሲገዛ ከላይ የሚታየው ጥሩ ሸሚዝ ነው፣ መሀሉን ሳትፈታው አታውቀውም።

ካርቶኑ በስምንተኛው ቀን መጣ። ስከፍተው የሲጋራ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሚዛን ላይ ሳወጣው ከነካርቶኑ 19.2፣ ያለ ካርቶኑ 18 ፓውንድ። እሺ፣ ሁለት ፓውንድ ይሂድ አልኩ። ከዛ አንሶላ ዘርግተን እንደ ምስር መልቀም ጀመርን።

እናቶቻችን በርበሬ ላይ የተፈጨ ሸክላ ይቀላቅላሉ እያሉ ነጋዴ ሲራገሙ ሰምተን ነው ያደግነው። እዚህ ደግሞ ሸክላው ራሱ ተቀላቅሎበት መጣ። ከ18ቱ ፓውንድ ስድስቱ ሌጎ አይደለም። እንዴት አወቅክ ካላችሁ፣ ቀላል ነው። ኦሪጅናሉ እያንዳንዷ ጉብታ ላይ በጣም ትንሽ ሆና የተጻፈች የድርጅቱ ስም አለች። ጣት ሲያርፍባት ትሻክራለች፣ ብርሃን ላይ ስታዘነብሉት ትታያለች። የሌሎቹ ጉብታ ወይ ልሙጥ ነው ወይ የሌላ ስም ነው ያለው። (ስሙን ራሱን አስመስለው የሚያትሙ አስመሳዮችም አሉ፣ ስለዚህ ስሙን አይታችሁ ብቻ አትዝናኑ።)

«ምን አለበት፣ እሱም ይገጥማል» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያልኩት። አንድ ሁለቱ ይገጥማል። አስር ረድፍ ስትደርሱ ነው ጉዱ የሚታየው። አንዱ በጣም ጠብቆ በጥርስ ካልሆነ አይላቀቅም፣ ሌላው ደግሞ ልልቅ ብሎ ግድግዳው በእስትንፋስ ይነቃነቃል። አስር ኦሪጅናልና አስር ከዚያኛው ደርድሬ ጎን ለጎን ሳቆማቸው ቁመታቸው እኩል አልሆነም። የአንዷ ልዩነት ለአይን አይታይም፣ 31 ረድፍ ላይ ግን ቤተ ጊዮርጊስ እንደ ዘመመው የፒሳ ግንብ ልታጋድል ነው። ቀለሙም አይመሳሰልም። ቡናማ ብለው የሸጡት አንዱ ቸኮሌት ነው፣ አንዱ ደግሞ የበሰበሰ ሙዝ።

ለነገሩ ሌላ ብራንድ መሆኑ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ይሄ ይታወቅልኝ። የዴንማርኩ ሌጎ ድርጅት የአሁኑን ጡብ ፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው (ከዚህ በታች የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው)፣ የፓተንቱ ዘመን ካለፈ ቆይቷል። የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤትም በ2010 ያ ባለ ስምንት ጉብታ ቅርጽ እንደ ንግድ ምልክት ሊመዘገብ አይችልም ብሎ ወስኗል። በራሱ ስም፣ በራሱ ሳጥን የሚሸጥ ደህና የሚሰራ አለ፣ እያወቃችሁ ብትገዙት ማንም አይከለክላችሁም። እኔ የተናደድኩት «ኦሪጅናል» ብሎ አስከፍሎኝ ሌላ ስለላከልኝ ነው።

ሌላ ሦስት ፓውንድ ተኩል የሚሆነው ምን መሰላችሁ? ሚዛን መሙያ። ለህፃናት የሚሰራው ትልልቁ ጡብ፣ የመኪና ጎማ፣ የተሰነጠቀ ሰፊ የወለል ሰሌዳ፣ ባትሪው የዛገበት ሞተር፣ ሁለት የበር ማጠፊያ፣ አንድ የአሻንጉሊት ፈረስ እግር። በክብደት ነው የሚሸጠው፣ ስለዚህ ከባዱ ነገር ሁሉ ለሻጩ ገንዘብ ነው። ትንንሾቹ ሰዎች ደግሞ አንድም የሉም። እነሱ ለብቻቸው ውድ ስለሚሸጡ መጀመሪያ የሚለቀሙት እነሱ ናቸው። የተበተነ ሌጎ ውስጥ አንድም ሰው ካጣችሁ፣ ከናንተ በፊት በደንብ ያበጠረው ሰው አለ ማለት ነው።

የቀረው ስምንት ተኩል ፓውንድ እውነተኛ ሌጎ ነው፣ አልዋሽም። ግን ምን ያደርግልኛል? አብዛኛው ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ደማቅ ቢጫ፣ የጠፈር መርከብ ክንፍ ምናምን። ፎቶው ላይ ያየሁት ቡናማ ከላይ የተነሰነሰ ብቻ ነበር። ለኛ የሚሆነውን ቀለም ለይተን ስንቆጥረው 512 ፍሬ፣ ከሁለት ፓውንድ በታች።

እሱም አላለቀም። ይሄንን ቡናማ ሌጎ ለምትሰበስቡ ሁሉ ነው የምነግራችሁ። በ2000ዎቹ መጨረሻና በ2010ዎቹ የተመረተው ቀይ ቡናማና ጥቁር ቀይ በቀላሉ የመሰበር ችግር አለበት። ኦሪጅናል ሆኖ ማለት ነው። በዚህ ስራ የቆዩ ሰዎች ያውቁታል፣ እኔ አላውቅም ነበር። ልጄ አንዱን ባለ አራት ጉብታ ጫን ሲያደርገው «ቋ» አለና ጎኑ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ስላቅቀው ግማሹ እዛው ቀረ። በመጨረሻ 70 ያህሉ ተሰበረ። በተቃራኒው እዛው ካርቶን ውስጥ ከኔ ዕድሜ የሚበልጥ የሚመስል ነጭ ጡብ ነበር፣ ቢጫ ሆኗል እንጂ ልክ እንደ አዲስ ይነክሳል። ስለዚህ ማርጀቱ አይደለም ነገሩ። ቀለሙና የተመረተበት ጊዜ ነው። ለግራጫም ተጠንቀቁ። በ2004 ግራጫውን ወደ ሰማያዊ ወደሚያደላ ግራጫ ቀይረውታል፣ የተበተነ ስትገዙ ሁለቱ ተቀላቅለው ነው የሚመጡት፣ ማታ በመብራት አንድ ይመስላሉ። ጠዋት ስትነሱ ግድግዳችሁ የተጣፈ ሱሪ ሆኗል።

በሉ ሂሳቡን አብረን እንስራ። 178 ዶላር ወጣ፣ የተረፈኝ ጤነኛ ፍሬ 442። ለአንዱ 40 ሳንቲም። ተመሳሳዩን ያገለገለ ቡናማ ፍሬ በኋላ በቁጥር ስገዛው ከ10 ሳንቲም በታች ነው የከፈልኩት።

ሻጩን አነጋገርኩት። መጀመሪያ ትሁት ነበር። ፎቶ ስልክለት «መግለጫውን እስከ መጨረሻው አንብብ» አለኝ። ወርጄ አነበብኩ። እውነትም ከታች፣ ስለ ማጓጓዣ ከሚያወራው አንቀጽ ቀጥሎ፣ «ጥቂት የሌላ ብራንድ ሊኖርበት ይችላል» ይላል። ስድስት ፓውንድ ጥቂት ነው ወይ አልኩት። ለሱ ጥቂት ነው። ልመልስልህ ስለው የመመለሻ ማጓጓዣውን አንተ ቻል አለኝ፣ እሱም ሌላ 30 ዶላር አካባቢ። ተከራክረን ተከራክረን 35 ዶላር መለሰልኝና ዘጋኝ። እሷን ቀንሼም አንዱ ፍሬ 32 ሳንቲም ነው የገባኝ።

ከዚህ በኋላ በፓውንድ አትግዙ አልልም። ልጁ ዝም ብሎ እንዲጫወትበት ከሆነ የሰፈር ጋራዥ ሽያጭ (ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጃፉ ላይ የሚሸጥበት) ላይ በአይናችሁ አይታችሁ፣ እጃችሁን እስከ ታች ከታችሁ ግዙ፣ ደስ ይላል። የራሳችሁ ንድፍ ኖሯችሁ የተወሰነ ቀለም የምትፈልጉ ከሆነ ግን አይሆንም፣ ክብደት ቀለም አይነግራችሁም። የግድ ኦንላይን ከሆነ ደግሞ ጠይቁ። ስስ አድርጎ ወለል ላይ በትኖ ፎቶ እንዲያነሳ፣ የዕለቱን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ አጠገቡ እንዲያስቀምጥ፣ ጉብታው ላይ ያለው ጽሁፍ እስኪነበብ አቅርቦ እንዲያሳያችሁ። እውነተኛ ሻጭ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ሌላ ሰው ጠይቄ «በቀጥታ ወደ አካውንቴ ላክና 20 ልቀንስልህ» አለኝ። ፎቶ ለመንኩት፣ ቅናሽ ሰጠኝ! ዘጋሁት። ከመገበያያው ውጪ በቀጥታ የላካችሁትን ብር (ዶላር ማለቴ ነው፣ አፌ ለምዶብኝ) ማንም አያስመልስላችሁም።

አሁን የምገዛው በቁጥር ነው። ብሪክሊንክ የሚባለው ገበያ ከ2000 ጀምሮ አለ፣ በ2019 ሌጎ ራሱ ገዝቶታል። ትንንሽ ሱቆች ናቸው የሚሸጡበት፣ የምትፈልጉትን ቅርጽና ቀለም መርጣችሁ «ይሄን 120 ፍሬ» ትላላችሁ። ስቱዲዮ የሚባል ነጻ ፕሮግራምም አላቸው። ልጄ ቤተ ጊዮርጊስን መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ሰራት፣ የሚያስፈልገውን ፍሬ ዝርዝር ራሱ አወጣለት። ይሄንን መጀመሪያ አድርገን ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። እዚህም ወጥመድ አለ ግን። እያንዳንዱ ሱቅ የራሱን ማጓጓዣ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ከዚህ ብር በታች አልሸጥም ይላል። ርካሽ ርካሹን ከስምንት ሱቅ ስትለቅሙ ማጓጓዣው ከፍሬው ይበልጣል። አንድ ወይ ሁለት ሱቅ ላይ ሰብስቡት። አዲስ ለሚፈልግ የሌጎ የራሱ ድረገጽ ላይ ፒክ ኤ ብሪክ አለ። ለቡናማውማ ከእንግዲህ ትንሽ ጨምሬም ቢሆን አዲስ ነው የምገዛው፣ «ቋ» የሚለውን ድምፅ ሁለተኛ መስማት አልፈልግም።

ሌላው ምስጢራችን፣ ከውጪ የማይታየውን የውስጥ ግድግዳ ከስድስቱ ፓውንድ በመረጥነው ሞላነው። እኩል የሚሆነውን ለይተን ነው ታዲያ። ቄሱ አይነቅፉኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስታጥቡት በሙቅ ውሃ አትቀቅሉት። ከ40 ዲግሪ በታች፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና። መረብ ባለው የልብስ ማጠቢያ ከረጢት አድርጋችሁ ብትዘፈዝፉት ይመቻል። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ እንዳታስገቡት፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። የሲጋራው ሽታ ሦስት እጥበት ፈጅቶብኛል።

አዲስ አበባ ላሉ የእህት የወንድም ልጆች በሻንጣ የምትልኩ ደግሞ ከመጫናችሁ በፊት ልቀሙ፣ እባካችሁ። የሻንጣው 23 ኪሎ ለቅመማ ቅመም መመለሻ ስንት ልመና እንዳለበት ታውቃላችሁ፣ የበር ማጠፊያ ጭናችሁ እንዳትሄዱ።

ቤተ ጊዮርጊስ አሁን 19ኛው ረድፍ ላይ ናት። ጣሪያዋ ላይ ያሉት አንዱ ባንዱ ውስጥ የተቀመጡት መስቀሎች ገና አልተጀመሩም፣ ፍሬያቸው ሐሙስ ይደርሳል ተብሏል። ያው ሰውዬ ደግሞ ባለፈው ሳምንት እንደገና ለጥፏል። ያው ሰማያዊ ሰንበር ያለው አንሶላ፣ ያው የቡናማ ክምር፣ የኔው ፎቶ። «የመጨረሻ 20 ፓውንድ፣ ፍጠኑ» ይላል። 165 አድርጎታል።