ከስፒልዌዩ በታች ያነጠፍነው ጋቢዮን፦ ከሁለት ክረምት በኋላ

ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን፣ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ የሽቦ ውፍረት የሚለካ ካሊፐር ያዙ። ደርሶብኝ ነው የምላችሁ።

የምሠራው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የመስኖ ግድብ ላይ ነው። ክረምት ግድቡ ሲሞላ ትርፉ ውሃ በስፒልዌዩ 6 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 11 ሜትር ይጠጋል። ይህን ጉልበት የሚሰብረው ከሥር ያለው የኮንክሪት ገንዳ ነው። እየበረረ የመጣው ስስ ውሃ ገንዳው ውስጥ ከተኛው ውሃ ጋር ይላተማል። ብድግ ይላል፣ ነጭ አረፋ ሆኖ ይገላበጣል፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ይወጣል። ሃይድሮሊክ ጃምፕ የምንለው ይሄ ነው። ጋቢዮኑ ከገንዳው ቀጥሎ ይነጠፋል፤ የተረፈው ግፊት አፈሩን እንዳይቦረቡረው።

የመጀመሪያውን ስገዛ ሻጩ "ሽቦው 2.7 ሚሊሜትር ነው" አለኝ። አመንኩት። ነሐሴ ላይ የግድቡ ጥበቃ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ የውሃው ድምፅ ተለውጧል። ጩኸቱ ወደ ታች ሄዷል" አሉኝ። ስደርስ እውነታቸውን ነው። ሽቦው ተበጣጥሷል፣ ድንጋዩን ጎርፍ ወስዶታል። የታችኛው መሬት ሲቦረቦር የውሃው ከፍታ ወርዶ፣ ጃምፑ ከገንዳው አምልጦ ወጥቷል። ውሃው ሲጎድል በኮንክሪቱ ጠርዝ ሥር እጄን ሰደድኩ። እስከ ክርኔ ገባ። ሽቦውን ስለካው 2 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያለው የካሪባ ግድብ ትዝ አለኝ። እዚያ ከግድቡ በሮች የሚወረወረው ውሃ አለቱን ወደ 80 ሜትር ጥልቀት ቆፍሮታል። አለት እንዲህ ከሆነ የእኛ አፈር ምን ይሆናል?

ሁለተኛውን ከሌላ ቦታ ገዛሁ። ሣጥኑ 2 ሜትር በ1 በ1 ነው፣ የሽቦው ቀዳዳ 8 በ10 ሴንቲሜትር። እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ለካሁት። ሽቦው 2.7፣ የጠርዙ 3.4። ልክ ነው። መሃሉ ላይ መከፋፈያ ስላለው ድንጋዩ ወደ አንድ ጎን አይሸሽም። ዋጋው ከፊተኛው በግማሽ ያህል ይበልጣል፤ ግን ይገባዋል። ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር አብሮት የሚመጣው ማሰሪያ ሽቦ ነው። አልበቃንም፣ ጨምረን ገዛን።

አሞላሉ ላይ አትቸኩሉ። እኛ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ መርጠን በእጅ ደረደርን። ከቀዳዳው ያነሰ ድንጋይ ሾልኮ ይሄዳል። ከሥሩ ጂኦቴክስታይል የሚባለውን፣ ውሃ አሳልፎ አፈር የሚይዝ ጨርቅ አነጠፍን፤ ያለ እሱ አፈሩ በድንጋዩ መሃል እየታጠበ ይወጣል።

ሁለት ክረምት አለፈው። ዳር ላይ ያለ አንድ ሣጥን ስንዝር ያህል ሰጥሟል። ሽቦው ግን አልተበጠሰም፣ ከመሬቱ ጋር ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል። ኮንክሪት ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ።

ባለፈው ነሐሴ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ለጥበቃው ደወልኩላቸው። "ጩኸቱ ቦታው ላይ ነው፣ ልጄ" አሉኝ።