ቤልጅጓን ያስተካከለልኝ ሰውዬ

አባቴ አገር «ቤልጅግ» ማለት ጠመንጃ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅግ የመጣው ማውዘር በአገሩ ስም ተጠርቶ ቀረ። ስለዚህ እዚህ ዳላስ ያገለገለች ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ስገዛ ለአባዬ ማስረዳት አልከበደኝም።

«ቤልጅግ ናት አባዬ፣ ግን ሽጉጥ።»

«ስንት ጎራሽ ናት?»

«አሥራ ሦስት።»

ትንሽ ዝም አለ። «ለምንህ ነው ልጄ?»

ለዒላማ ተኩስ ነው። ደግሞ አሮጌ ማሽን እወዳለሁ። ጆን ብራውኒንግ ጀምሯት በ1926 ሞተ፣ ዲዩዶኔ ሴቭ የተባለው ቤልጅጋዊ ጨረሳት፣ በ1935 ሥራ ላይ ዋለች። ከዚያ በኋላ ከሃምሳ በላይ አገሮች ጦር ታጥቋታል። የኔዋ ማርክ ሦስት የሚሏት ናት። ጎኗ ላይ ቤልጅግ ተሠርታ ፖርቱጋል እንደተገጣጠመች ተጽፎባታል።

ውበቷን አትጠይቁኝ። ግን ሁለት አመል አለባት። አንደኛ፣ ምላጯ ከባድ ነው፤ ሲሳብ ደግሞ አሸዋ የገባበት ይመስል ይንኮሻኮሻል። ሁለተኛ፣ ትነክሳለች። በተኮሱ ቁጥር ጥይቱን የምታስተኩሰው መዶሻዋ ወደ ኋላ ስትመለስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ቆንጠጥ ታደርጋለች። ሃምሳ ጥይት ተኩሼ ስወጣ እጄ ደምቶ ነበር።

ጎተራ ጋራዥ ውስጥ ሰባት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ሞርሳም ሞረድም ቤቴ አለ። ግን መኪና ቢበላሽ ይቆማል፣ ሽጉጥ ቢበላሽ ላይቆም ይችላል። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብሎ ጋራዡ ውስጥ የሚሠራ አንድ የመሣሪያ ባለሙያ ጋ ወሰድኳት። ሽማግሌ ነው፣ ወሬ አያበዛም። መጀመሪያ ቁጥሯን መዝገብ ላይ ጻፈ፣ ሕጉ ነው። ከዚያ ባዶ መሆኗን ሁለት ጊዜ አይቶ፣ ለመሳብ ስንት ኃይል እንደሚፈልግ ሊያይ ምላጯ ላይ መለኪያ አስገባ። ስምንት ፓውንድ ከምናምን።

የምላጩ ችግር ግማሹ የሚመጣው ከአንዲት ትንሽ ብረት ነው። ካዝናው ከወጣ ሽጉጧ እንዳትተኩስ የምታደርግ መቆለፊያ ናት። ምላጩ በተሳበ ቁጥር ያቺ ብረት የካዝናውን ፊት ትፍቃለች፣ መንኮሻኮሹ ከዚያ ነው። ብዙ ሰው አስወጥቶ ይጥላታል። እኔም «አውጣልኝ» አልኩት።

«አላወጣም» አለ።

«ሽጉጧ የኔ ናት እኮ።»

«እጁ ግን የኔ ነው። ልጆች አሉህ?»

ሁለት አሉኝ። ተናድጄ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። እሱ ግን ካዝናውን አንስቶ ፊቱን በጥፍሩ ፈተገና ወደ ጆሮዬ አስጠጋው። ድምፁ ይሰማል። «ይህን እንደ መስታወት እወለውለዋለሁ፣ ብረቷንም። ካልወደድከው አትከፍለኝም።» ተስማማን።

ስምንት ሳምንት ያለኝ ሥራ አምስት ወር ፈጀ። ይህን ሳልናገር አላልፍም። ስልክ አያነሳም። መልእክት ብትተውለት በሦስተኛው ሳምንት «እየሠራሁ ነው» ይልሃል። አንዴ ሳላስጠነቅቀው ሄጄ ሽጉጤን ከነካርቶኗ መደርደሪያ ላይ አገኘኋት። አልተነካችም! እኛ ጋራዥ እንዲህ ብናደርግ ደንበኛ መፍቻ ይወረውርብን ነበር።

ሥራው ግን ሥራ ነው። ምላጩ አምስት ፓውንድ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ሲሳብም አይንኮሻኮሽም። የመዶሻዋን ጭራ አሳጥሮ አድቦልቡሎታል፤ የሞረድ ምልክት ፈልጌ አጣሁ። ፕላስቲኩን እጀታ በዋልነት እንጨት ቀየረው፤ ወይራ ቢሆን እመርጥ ነበር፣ ግን የት ይገኛል?

አንድ ስህተት ሠርቷል። የመዶሻዋ ሞላ ከፋብሪካ ሲወጣ 32 ፓውንድ ነበር፣ ምላጩ እንዲቀል 26 አደረገው። ርካሽ ጥይት ስሞክር ከሃምሳው ሁለቱ ተመትተው አልፈነዱም። ቂጣቸው ላይ ያለው ምት ጠለቅ አላለም። መልሼ ወሰድኳት። አልተከራከረኝም፣ ቆሜ እያየሁት 28 ገጠመልኝ፣ አላስከፈለኝም። ከዚያ ወዲህ አራት መቶ ያህል ተኩሻለሁ፣ አንድም አልከሸፈብኝም።

በጠቅላላ 385 ዶላር ከፈልኩ። ለቸኮለ ሰው ይህን ባለሙያ አልመክርም። ለኔ ቢጤ ግን ዋጋው ተገቢ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን ጋሼን ተኩስ ቦታ ይዣቸው ሄድኩ። ድሮ ወታደር ነበሩ፣ ከማካሮቭ ሌላ ሽጉጥ አያምኑም። በፊት አንዴ ተኩሰውባት ነክሳቸዋለች፣ «ይቺ ውሻ» ነበር የሚሏት። አሥራ ሦስቱንም ጨርሰው አስቀመጧትና እጃቸውን አገላብጠው አዩ።

«ስንት አስወጣህ?» አሉኝ።

ግማሹን ነገርኳቸው። ለባለቤቴም የነገርኳት ያንኑ ነው።