ዶርፐር በግ፦ ከሦስት ዓመት እርባታ በኋላ የሰጠሁት ግምገማ

በጥቂት መሬት ላይ በግ ለማርባት ስነሣ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የጊዜ ጉዳይ ስለነበር፣ መሸለት የማያስፈልገው፣ በተራ ግጦሽ የሚያድግና ሲወልድ የማያስቸግር ዝርያ ፈለግሁ። በጠየቅሁበት ሁሉ የተነገረኝ ስም ዶርፐር ነበር። የሸጠልኝ አርቢም «ሜዳ ላይ ለቀህ እርሳው» ብሎ አሰናበተኝ። ዛሬ የዚህን ምክር ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ።

ዶርፐር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የዶርሴት ሆርን አውራዎችን ከጥቁር ራስ የፋርስ በጎች ጋር በማዳቀል የተገኘ ዝርያ ሲሆን፣ ስሙም ከሁለቱ ወላጆቹ ስም የተቀነጨበ ነው። የተፈለገው ዝናብ በሚያጥርበት ደረቅ መሬት ላይ ጥሩ ሥጋ የሚሰጥ በግ ነበር፤ የዝርያው ብርታትም ሆነ ድክመት የሚመነጨው ከዚሁ ዓላማ ነው።

ብርታቱ እውነተኛ ነው። ጸጉሩ ወቅቱን ጠብቆ በራሱ ይረግፋል፤ በዚያ ሰሞን የአጥሩ ሽቦ በተንጠለጠለ ጸጉር ይሞላል፣ በጎቹም ለጥቂት ሳምንታት የታመሙ ይመስላሉ፤ ይህ ግን አዲስ አርቢን ሊያስደነግጥ አይገባም። ከሣር ሌላ የቁጥቋጦ ቅጠልም ይበላሉ። እናቶቹ አውራ ለመቀበል በአንድ ወቅት ብቻ ስለማይወሰኑ፣ አርቢው አውራውን ለይቶ በማቆየት ግልገሎቹ መኖ በሚበዛበት ጊዜ እንዲወለዱ ማድረግ ይችላል። የግልገሎቹ ዕድገት ፈጣን ነው፤ በዚህ ረገድ ቅር ያሰኘኝ ነገር የለም።

ቅሬታዬ የሆድ ትልን ይመለከታል። በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ሲረዝም አንዲት እናት በግ ከመንጋው ወደኋላ መቅረት ጀመረች፤ ከመንጋጋዋ ሥር ለስላሳ እብጠት ነበረባት፣ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገልጬ ሳየው ደግሞ ቀይ መሆን የነበረበት ውስጡ እንደ ወረቀት ነጥቶ ነበር። ይህ ጨጓራ ውስጥ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል የሚያስከትለው የደም ማነስ ምልክት ነው። እርሷ በሕክምና ዳነች፤ ሁለት ግልገሎች ግን ሞቱብኝ፣ ቶሎ አለማየቴም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በደረቅ ስፍራ የትሉ እጭ በፀሐይ ስለሚሞት ዶርፐር ይህን ጠላት ለመቋቋም ብዙም አልተመረጠም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኬንያ እርጥበታማ የባሕር ዳርቻ የተካሄደ ምርምር ዶርፐርን የምሥራቅ አፍሪካ ነባር ዝርያ ከሆነው ከቀይ ማሳይ በግ ጋር ሲያነጻጽር፣ በአካል አነስ የሚለው ቀይ ማሳይ ትሉን እጅግ በተሻለ ሁኔታ እንደሚቋቋም አሳይቷል። ስለዚህ «ጠንካራ ዝርያ» የሚለው ቃል ከምን እንደሚጠነክር ካልተጠየቀ ለገዢ የሚጠቅም መረጃ አይሆንም፤ ሙቀትንና ድርቅን የሚችል በግ ጭቃንና ትልን ይችላል ማለት አይደለምና።

አሁን በዝናብ ወራት በየሁለት ሳምንቱ የሁሉንም የዓይን ቆብ አያለሁ፤ መድኃኒት የምሰጠውም ለነጣባቸው ብቻ ነው፤ ሁሉንም በጅምላ ማከም ትሉ መድኃኒቱን እንዲለማመድ ያደርጋል። ግጦሹንም ከፋፍዬ ሣሩ መሬት ለመሬት ሳይጋጥ በጎቹን አዛውራለሁ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ለቅቆ መርሳት ከቶ አይደለም።

መሬቱ ደረቅና ቁጥቋጦ የበዛበት ለሆነ አርቢ ዶርፐርን ያለ ማመንታት እመርጥለታለሁ። ሣሩ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ለሆነበት ሰው ግን ንጹሕ ዶርፐር አይስማማውም፤ ትል የሚቋቋሙ የአካባቢውን እናቶች ይዞ ከዶርፐር አውራ ማዳቀሉ ይሻለዋል። እኔም ባለፈው ጊዜ አውራ ስፈልግ፣ ቁመናው የሚያስቀና አንድ በግ ቀርቦልኝ ሻጩን እናቱ ለመጨረሻ ጊዜ የትል መድኃኒት የወሰደችው መቼ እንደሆነ ብጠይቀው መመለስ ስላልቻለ ትቼው፣ ደረቱ ጠበብ ያለውን ነገር ግን እናቱ ሁለት የዝናብ ወቅት ያለ መድኃኒት ያለፈችውን ገዛሁ።